በሕይወት መኖሩን የሚቃወም ካለ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተሰብስቦ ቢጠረዝ ስንት ገጽ ይወጣዋል? ልደቱ አንድ ገጽ፣ ጋብቻው አንድ ገጽ፣ ሞቱ አንድ ገጽ፤ በመካከሉ ያለው ክስ፣ ልመናና ይግባኝ እንደየሰው ጠባይ ይወፍራል ወይም ይቀጥናል። የቀረው፣ ማለትም ጠዋት ፊቱን ታጥቦ በር ላይ ቆሞ ሰማዩን ያየበት፣ ሚስቱን አስኮርፎ የለማመጠበት፣ ያለ አንዳች ምክንያት ደስ ያለው ጊዜ ሁሉ ማንም ያልጻፈው ነው። ታዲያ ሰውየው የቱ ነው፤ የተጻፈው ወይስ ያልተጻፈው?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን ለመጠየቅ ከአቶ ቢምረው የቀረበ ሰው አልነበረም፤ ግን ጊዜ አልነበረውም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ አንድ ጎኑ በተሰበረ ጥቁር ጃንጥላ ተጠልሎ፣ የሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ኖሯል። ድንበር የተገፋበት ከደምበጫ ይመጣል፤ ባሏ ጥሏት የሄደ ከሉማሜ ትመጣለች፤ በሬው የተሰረቀበት ከመርጡለ ማርያም ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥቶ ይመጣል። ባለጉዳዩ ከአያቱ ጀምሮ አንድ ሰዓት ያወራል። ቢምረው ዐሥራ አራት መስመር ይጽፋል።

«ሹም ሁለተኛ ገጽ አያነብም» ይላቸዋል። «ብሶትህ ከአንድ ገጽ ካለፈ ወይ ቀንሰው፣ ወይ ለእግዚአብሔር ንገረው። እሱ ጊዜ አለው።»

ሌላም ያልሻራት ሕግ ነበረችው። ማንም ሰው ያላነበበውን ወረቀት እንዲፈርም አይፈቅድም። ማንበብ የማይችል ከሆነ ቃል በቃል ያነብለታል፤ አዳምጦ ሲጨርስ «ምን አልኩህ?» ብሎ መልሶ ይጠይቀዋል። መመለስ ካልቻለ እንደገና ያነብለታል። በዚህ የተነሣ ብዙ ደንበኛ ተሰላችቶ ወደ ሌላ ጃንጥላ ሄዷል።

ለራሱ ግን አንድም ማመልከቻ ጽፎ አያውቅም። አንዴ ሊጽፍ የሚገባው ጊዜ ነበር። ገና ወጣት ሳለ አሰብ ወደብ ጸሐፊ ሆኖ ተመደበ። አሰብ ይሞቃል ሲሉት ገበያ ወርዶ እጅጌ አጭር ነጭ ሸሚዝ ገዛ። ሣጥኑ አውቶቡስ ላይ ከተጫነ በኋላ «ምደባዎ ተሰርዟል» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ምክንያት አልተጻፈበትም። ቢምረው ሣጥኑን አስወርዶ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ለምን አላለም። ሸሚዙ ከነእጥፋቱ ሣጥን ውስጥ ቀረ፤ በደጋ አገር እጅጌ አጭር ለብሶ ማን ፊት ይቆማል። ከዚያ ወዲህ አሰብ የሌላ አገር ሆነች፤ ባሕሩም አብሯት ሄደ። ሸሚዙ ግን እዚያው ነበር፤ ባሕር የማየት ነገርም እንደ ሸሚዙ ታጥፎ ሰውየው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ከባለቤቱ ከማሬ ልጅ አልወለዱም። የእህቱን ልጅ የኔአለምን አሳደጉ፤ እሷም ከደረሰች በኋላ አረብ አገር ሠርታ፣ ከዚያ ዞራ ዞራ አንድ የሽርሽር መርከብ ላይ መኝታ ቤት አስተናጋጅ ሆነች። ልጅ ያልወለደ ሰው በዚያ አገር አንድ ሐሳብ አይለየውም፤ ስሞት ተዝካሬን ማን ያወጣልኛል ይላል። ስለዚህ ባልና ሚስት ባለፈው የካቲት የቁም ተዝካር አወጡ። ከአባቱ በወረሰው መሬት ላይ የቆመውን ባሕር ዛፍ ሸጡና ሁለት በሬ ጥለው፣ ጠላ ጠምቀው፣ ካህናቱን፣ ነዳያኑንና ጎረቤቱን አበሉ። ቢምረው ከሞተ በኋላ ሊበላለት የሚገባውን ድግስ ራሱ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብሎ በላ።

የወፍጮ ቤት ባለቤትና የዕድሩ ዳኛ የሆነው ጎረቤቱ ፈንታ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። «ነፍስህን ይማር» አለው እየጎረሰ። «ወጡ ግን ጨው አንሶታል።»

«ለሚቀጥለው አስተካክላለሁ» አለ ቢምረው።

በሚያዝያ ወር የኔአለም ደወለች።

«ጋሼ፣ ባሕር ላይ ላንሸራሽርዎ ነው።»

«የት? ጣና ከሆነ አይቼዋለሁ።»

«ጣና አይደለም። ከጣሊያን ወደብ ተነሥተን ሰባት ቀን እንዞራለን። ኩባንያው ለሠራተኛ አንድ የቤተሰብ እንግዳ ይፈቅዳል። አልጋዎን የማነጥፈው እኔው ነኝ።»

«መርከብ ላይ ምን እሠራለሁ?»

«ምንም አይሠሩም። ሰው የሚከፍለው ለዚህ ነው።»

ቢምረው ስልኩን አስቀመጠ። ማሬ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችው።

«ምንም እንዳልሠራ ባሕር ላይ ትጠራኛለች።»

«ምንም ላለመሥራት እዚያ ድረስ መሄድ ምን ያስፈልጋል» አለች ማሬ። ከዚያ ፊቱን አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ሂድ እንጂ። እኔ ውኃ የምፈልገው ለማሰሮ ነው። አንተ ግን ሂድ።»

ሣጥኑን ከፈተና ሸሚዙን ለካው። ሦስት ቁልፍ ተቆለፈ፤ አራተኛው እምቢ አለ። ማሬ ከጎኑ ጨርቅ ጨምራ አሰፋችለት።

መነኻሪያው አጠገብ ሂዊ የምትባል ወጣት «የውጭ ጉዞ ሰነድ እናዘጋጃለን» ብላ የለጠፈችበት ቤት አላት። ቢምረው ዕድሜውን ሙሉ ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀምጦ የኖረ ሰው ነውና ከወዲያ በኩል መቀመጥ አሳፈረው። የወንበሩ ጠርዝ ላይ ብቻ አረፈ።

«የተወለዱበት ቀን?» አለች ሂዊ ጣቷን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋ።

«ገብሱን በረዶ የመታው ዓመት ነው። በሚካኤል ማግስት።»

«የትኛው ሚካኤል?»

«እናቴ ያንን አልነገረችኝም።»

«እንግዲያው መስከረም አንድ እንበለው።»

«ለምን?»

«ሲስተሙ ይወደዋል።»

በዚህ ዓይነት ቢምረው ዕንቁጣጣሽ ቀን ተወለደ። ፓስፖርቱ በሦስት ሳምንት ደረሰ። የጋብቻ ወረቀት ወጣ፤ ከማሬ ጋር ሠላሳ አምስት ዓመት መኖራቸውን ሁለት ምስክር ፈረመ፤ አንደኛው ምስክር ሲጋቡ አልተወለደም ነበር። የቢጫ ወባ ክትባት ተወጋ። የኔአለምም የባንክ ሒሳቡ ባዶ እንዳይታይ ገንዘብ ላከች። ከዚያ ሂዊ ኤምባሲው ከሚፈልገው ነገር ሁሉ ከባዱን አነሣች።

«እዚያ እንደማይቀሩ ማሳየት አለብዎት። ወደ አገር የሚመልስዎት ምንድን ነው?»

«ማሬ አለች።»

«ሚስት ብቻ አይበቃም ጋሼ። ሚስቱን ጥሎ የቀረ ስንት አለ።»

ቢምረው አሰበ። «መቃብር አለኝ። ደብሩ ግቢ ውስጥ ፉካዬን በሲሚንቶ አሠርቼ ጨርሻለሁ። ይኼን ጥዬ የት እቀራለሁ?»

ሂዊ «የማይንቀሳቀስ ንብረት» በሚለው ቦታ ጻፈችው።

ቀጥሎ የባንኩን የስድስት ወር ዝርዝር ዘረጋች። ጣቷ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «በየካቲት አምስት ሦስት መቶ ሺህ ብር ገባ፤ በማግስቱ እንዳለ ወጣ። ይኼን መጠየቃቸው አይቀርም። ምንድን ነው?»

«ተዝካር ነው።»

«የማን?»

«የእኔ።»

ሂዊ ቀና ብላ አየችው። «ፈረንጅ ይኼ አይገባውም። ከደብሩ ደብዳቤ ያምጡ፤ ቀበሌ ያረጋግጥልዎት፤ እኔ አስተረጉመዋለሁ። የቪዛ ቀጠሮዎ ሰኔ ሃያ ነው፤ አይዘግዩ።»

የደብሩ ጸሐፊ መሪጌታ ሀይለመለኮት ደብዳቤ መጻፍ የሚወዱ ሰው ናቸው። በጥሩ የቁም ጽሕፈት፣ ግማሹን በግእዝ አስጊጠው፣ የደብሩ ልጅ ወልደ ሚካኤል፣ በዓለም ስማቸው አቶ ቢምረው፣ ተዝካራቸው በየካቲት ዐሥራ ስድስት ቀን በሥርዓቱ መውጣቱን መሰከሩ። ቢምረው ቆሞ ሲያነበው አንድ ቃል እንደጎደለ አየ።

«የኔታ፣ የቁም መሆኑን አልጻፉትም።»

«ተዝካር ተዝካር ነው» አሉ መሪጌታ ማኅተሙን እያራሱ። «በእግዚአብሔር ፊት የቁም ምን፣ የሙት ምን። እሱ ዘንድ ሁሉም ሕያው ነው።»

ቢምረው ሊከራከር አሰበ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አንድ ቃል ምን እንደሚያደርግ ሲያይ ኖሯል። ግን መሪጌታን ማረም ነውር መሰለው፤ ማኅተሙም አርፎ ነበር።

ሰኔ ሦስት ቀን ቀበሌ ሄደ። የወሳኝ ኩነት መዝጋቢው አምሳሉ ከሌላ ዞን ተዛውሮ የመጣ፣ ትሑት፣ ሁልጊዜ የደከመው ወጣት ነው። ለሦስት ቀን ኔትወርክ ስላልነበረ አዳራሹ በሰው ጢም ብሏል። አምሳሉ ደብዳቤውን ሳያይ ተቀብሎ ከክምሩ ላይ አኖረና «ከሰዓት ይምጡ ጋሼ» አለው። ከሰዓት ሲመጣ ድንገት «ሲስተም መጣ» ተባለ፤ የተቀመጠው ሁሉ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ተጋፋ። አምሳሉ ያለ ዕረፍት እየጻፈ፣ እያተመ፣ እየጠራ፣ ሊጠፋ ካለው ኔትወርክ ጋር ይሽቀዳደማል።

«ለአቶ ቢምረው የመጣ?»

«አቤት።»

«እዚህ ላይ ይፈርሙ። እዚህም። ይፍጠኑ፣ ሳይሄድብን።»

ቢምረው መነጽሩን ከኪሱ ሊያወጣ እጁን ሰደደ፤ ከኋላው ያለው ሰው ገፋው፤ አምሳሉም «ጋሼ፣ በእናትዎ» አለ። ያን ጊዜ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳያነብ ፈረመ።

ወረቀቶቹን ይዞ በቀጥታ ሂዊ ጋ ሄደ። ሂዊ አንደኛውን አየች፤ ሁለተኛው ላይ ቆየች።

«ጋሼ፣ ይኼ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«የሞት ምስክር ወረቀት ነው።»

መነጽሩን አደረገና አነበበ። የሟች ስም ከነአያቱ ያለ ስሕተት ተጽፏል። የትውልድ ቀን፣ መስከረም አንድ። ከታች «ሞቱን ያስመዘገበው የቅርብ ቤተሰብ» የሚል ቦታ ነበረ፤ እዚያ ላይ የራሱ ፊርማ፣ ጥርት ያለ፣ አርፏል።

«ፊርማህ ያምራል» ብሎ ለራሱ አሰበ።

አምሳሉ ዘንድ ሲመለስ ኔትወርኩ ሄዷል፤ አዳራሹም ባዶ ነው።

«ወንድሜ፣ ገድለኸኛል።»

አምሳሉ ወረቀቱን አየ፤ ቢምረውን አየ። ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ደብሩ ተዝካራቸው ወጥቷል ይላል። ተዝካር ከወጣ ሰውየው ሞቷል፤ እኔ ሌላ ምን ልል እችላለሁ?»

«የቁም ተዝካር ነው።»

«የቁም አይልም። ደግሞ ያስመዘገቡት እርስዎ ነዎት። ይኸው ፊርማዎ።»

«የሞተ ሰው ይፈርማል?»

«እሱስ አይፈርምም» አለ አምሳሉ ከልቡ አስቦ። «ፊርማው ግን ትክክል ነው።»

«በፊትህ ቆሜያለሁ እኮ።»

«እኔማ አይቼዎታለሁ ጋሼ። ያላየዎት ሲስተሙ ነው።»

ቢምረው የለመደውን መንገድ ያዘ። «እሺ። ማመልከቻ ልጻፍና ይታረም።»

«እርስዎ ማመልከት አይችሉም። ሟች አመልካች አይሆንም። የቅርብ ቤተሰብ ያመልክት።»

በዚህ ምክንያት ቢምረው በማሬ ስም፣ ማሬ ባሏ አለመሞቱን የምትገልጽበትን ማመልከቻ ጻፈ። «እኔ አመልካች፣ ሟች ባለቤቴ በሕይወት ያለ ስለሆነ» ብሎ ጀመረ፤ ዐሥራ አራተኛው መስመር ላይ ጨረሰ። ሕጉን መልሶ አከበረና ቃል በቃል አነበበላት።

«ምን አልኩሽ?»

«አልሞተም አልክ።»

«እንግዲህ ፈርሚ።»

ማሬ ብዕሩን ተቀበለች። «ቆይ እስቲ፣ ላስብበት» አለች። ከዚያ ሳቀችና ፈረመች።

አምሳሉ ማመልከቻውን በአክብሮት ተቀብሎ ሥርዓቱን ነገራቸው። መዝገብ የሚታረመው ማስታወቂያ ወጥቶ ሠላሳ ቀን ከቆየ በኋላ ነው። ለማጽደቂያው ደግሞ ዐሥር ቀን ይጨመራል። በማግስቱ ከቀበሌው ሰሌዳ ላይ፣ ከጠፋ በቅሎና ከጨረታ ማስታወቂያ መካከል ይህ ተለጠፈ፦ «አቶ ቢምረው በሕይወት አሉ ተብሎ በባለቤታቸው አቤቱታ የቀረበ ስለሆነ፣ በሕይወት መኖራቸውን የሚቃወም ማንኛውም ሰው በሠላሳ ቀን ውስጥ ማስረጃውን ይዞ እንዲቀርብ።»

ባንኩም በዚያው ሰሞን ሒሳቡን ዘጋው። ቢምረው ለቀጠሮው የሚሆን አዲስ ደብዳቤ ሊጠይቅ ሲሄድ ሠራተኛዋ ኮምፒውተሯን አይታ «ሒሳቡ ለወራሾች ተጠብቋል፤ እግዜር ያጽናዎት» አለችው። ያለ ባንክ ደብዳቤ ቀጠሮው ዋጋ የለውም። ሰኔ ሃያ መጣ፣ አለፈ።

ቢምረው በየጠዋቱ ወደ ጃንጥላው ከመሄዱ በፊት ሰሌዳው ጋ ይቆማል። ነገሩ እንደ ቀልድ የተጀመረ ቢሆንም ቀስ በቀስ ጨነቀው። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ሰውን ሲከስ የጻፈው እሱ ነው። በእሱ ብዕር መሬቱን ያጣ አለ፤ በእሱ ዐሥራ አራት መስመር የታሰረ አለ። ከእነዚያ አንዱ ቢመጣስ? ምን ማስረጃ ያቀርባል፤ እኔስ ምን እመልሳለሁ? መኖር በምን ይረጋገጣል? ቢተነፍሱ፣ ቢራቡ፣ ሰሌዳ ፊት ቢቆሙ፣ ይህ ሁሉ ማኅተም የለውም።

ሠላሳው ቀን አለቀ። ማንም አልመጣም። ቢምረው እፎይ ብሎ ጥቂት ከሄደ በኋላ ሌላ ነገር ከነከነው፤ የሚቃወመው እንኳ ጠፋ ማለት ነው። ይኑር የሚልም ሰው አልቀረበም፤ ለነገሩ ሰሌዳው ለእንደዚያ ዓይነቱ ሰው ቦታ አልነበረውም።

«እኔ ልቃወም አስቤ ነበር» አለው ፈንታ። «ወፍጮውን የሚጠብቅልኝ ሰው አጣሁና ተውኩት።»

የመርከቡ እንግዶች ስም ዝርዝር የሚዘጋው ሐምሌ አንድ ቀን ነበር። የኔአለም አለቆቿ ጊዜ እንዲጨምሩላት ለምናለች። ደውላ የነገረችውን ቢምረው ለማሬ ሁለት ጊዜ ደገመላት።

«ምን ብለሽ ነገርሻቸው?» ብሎ የኔአለምን ጠይቋት ነበር።

«አጎቴ በመዝገብ ሞቷል አልኳቸው።»

«እነሱስ?»

«አዝነው የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድ ሰጡኝ።»

ሐምሌ አምስት መርከቡ ያለ እሱ ተነሣ። የኔአለም በሦስተኛው ቀን ከመርከቡ ደወለችና «ጋሼ፣ ባሕሩን ላሰማዎት» ብላ ስልኩን ወደ ውጭ ዘረጋች። ቢምረው ነጩን ሸሚዝ ለብሶ፣ ላዩ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሞተር ያጓራል፤ ነፋስ ያፏጫል።

«እንዴት ነው?» አለች ማሬ።

«የፈንታ ወፍጮ ነው» አለ ቢምረው። ስልኩን ግን ከጆሮው አላነሣም፤ የስልኳ ሒሳብ አልቆ እስኪቋረጥ ድረስ አዳመጠ።

መርከቡ ሐምሌ ዐሥራ ሁለት ወደቡ ተመለሰ። ሐምሌ ዐሥራ ሦስት አምሳሉ ቢምረውን አስጠርቶ የታረመውን መዝገብ ሰጠው። «እንኳን ደስ ያለዎት» አለው፤ ከልቡም ነበር። ቢምረው መነጽሩን አድርጎ፣ ተቀምጦ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበ። በሕይወት መኖሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጸና መሆኑ ተጽፏል። ከሰኔ ሦስት እስከዚያ ያለው ጊዜ ግን ባለበት ነው።

«እነዚህ አርባ ቀናትስ?»

«እነሱ አይታረሙም ጋሼ። ሲስተሙ ወደ ኋላ አይሄድም። በእነዚያ ቀናት በመዝገብ አልነበሩም።»

ማሬ በጣቷ ቆጥራ «ልክ በአርባህ ተነሣህ» አለች። ፈንታም የሰኔን የዕድር መዋጮ አልቀበልም አለ፤ የሟች መዋጮ የሚቀበል ደንብ የለንም ብሎ።

ቢምረው በማግስቱ ከጃንጥላው ሥር ሲቀመጥ ሁለት ደንበኞች እየጠበቁት ነበር። እጁን አንሥቶ «ዛሬ ተራው የእኔ ነው» አላቸው። ንጹሕ ወረቀት አወጣ። ከአያቱ ሊጀምር ዳድቶት ነበር፤ አሰብም ትዝ አለችው፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የወጣው ሣጥንም። ሁሉንም ቀነሰና ዐሥራ አራት መስመር ጻፈ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለራሱ አነበበ፤ «ምን አልኩህ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ፤ መለሰም፤ ፈረመ።

ማመልከቻውን ለቀበሌው፣ ለወረዳውና ለዞኑ በየተራ አስገባ። የሦስቱም ጸሐፊዎች ከአንድ ገጽ ስላላለፈ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ሦስቱም «ይኼ እኛን አይመለከትም» አሉ። የጠየቀው ይህን ነበር፦ መንግሥት አልኖርክባቸውም ያለው አርባ ቀን ከዕድሜው ሳይቆጠር ተጠብቆ፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ ከመሞቱ በፊት እንዲሰጠው፤ ከአርባውም ሰባቱ ባሕር ላይ እንዲሆኑለት።